ኦይስተርና ቼሳፒክ፦ በሕዝብ ገንዘብ የሚያገግም ውኃ

በሜሪላንድ የሚኖር ሰው የውኃ ሒሳቡን ዝርዝር እስከ ታች ቢያነብ «ቤይ ሬስቶሬሽን ፊ» የምትል መስመር ያገኛል። ክፍያዋ በወር 5 ዶላር፣ በዓመት 60 ዶላር ነው። በሲልቨር ስፕሪንግና በዙሪያው ያሉ ወገኖቻችን ይህን ገንዘብ ዓመት ከዓመት ይከፍላሉ፤ ለምን እንደሚከፍሉት ጠይቀው የተረዱት ግን ብዙ አይመስሉኝም። ከዚያች አጭር መስመር ጀርባ ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ምርምር፣ የሳይንቲስቶች ድካም፣ የዓሣ አስጋሪዎች ቅሬታ እና ቀስ በቀስ እያገገመ ያለ አንድ ትልቅ ውኃ አለ።

የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ኦይስተር ይባላል። በሁለት ጠንካራ ዛጎሎች መካከል የሚኖር ለስላሳ የባሕር ፍጥረት ነው። ከእኛ መካከል ብዙዎች ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር እንስሳ በሃይማኖት ሥርዓት ስለማይበሉ ኦይስተር ገበታቸው ላይ ቀርቦ አያውቅም። ቢሆንም ይህ ፍጥረት የማይበላውንም ሰው ኑሮ ይነካል። መንግሥት ባሕርን ለማዳን ለሚደረግ ምርምር የሚያወጣው ገንዘብ ከተራው ሰው ቤት በምን መንገድ እንደሚደርስ በእርሱ ታሪክ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰፊ ግን ጥልቀት የሌለው ውኃ

የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በአሜሪካ ከሚገኙት የወንዝና የባሕር መገናኛዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ከሜሪላንድ ሰሜናዊ ክፍል ተነሥቶ ቨርጂኒያ ቢች አጠገብ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ እስኪገናኝ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል። ሰስኩዌሃና፣ ፖቶማክ፣ ራፓሃኖክ፣ ዮርክና ጄምስ የተባሉት ወንዞች ይገቡበታል። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር አይመጣጠንም፤ በአማካይ 6.5 ሜትር ያህል ብቻ ነው።

በዚህ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ የሚያርፈው ጫና ከባድ ነው። ወደ እርሱ የሚፈስሰው ተፋሰስ 166 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ኒውዮርክ፣ ፔንስልቬንያ፣ ደላዌር፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዌስት ቨርጂኒያ በከፊልም ሆነ በአብዛኛው በዚህ ተፋሰስ ውስጥ ናቸው፤ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ሙሉ በሙሉ። ከ18 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርበታል። ፔንስልቬንያ ውስጥ እርሻ ላይ የተበተነ ማዳበሪያ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ከመጸዳጃ ቤት የተለቀቀ ፍሳሽ፣ ፌርፋክስ ውስጥ አስፋልት አጥቦ የወረደ ዝናብ ሁሉም መጨረሻው ቼሳፒክ ነው።

ችግሩን የጣና ሐይቅን እምቦጭ የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚመጣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ጣና ላይ አረሙን እንደሚያፋፋው፣ ቼሳፒክ ውስጥ ደግሞ አልጌ የተባሉትን ደቃቅ የውኃ ዕፅዋት ያፋፋል። አልጌው ሲበዛ ውኃው ይደፈርሳል፤ ብርሃን ወደ ታች መድረስ ስለማይችል ከሥር ያለው የባሕር ሣር ይሞታል። ከዚያ አልጌው ራሱ ሞቶ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ሲበሰብስም በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። በየበጋው በባሕረ ሰላጤው ጥልቅ ክፍል ዓሣም ሸርጣንም ሊኖርበት የማይችል፣ ሳይንቲስቶች «የሞተ ቀጠና» የሚሉት ስፍራ የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ኦይስተር ምን ይሠራል?

ኦይስተር አንድ ቦታ ከተጣበቀ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ አይነቃነቅም። ምግቡን ፈልጎ ስለማይሄድ ምግብ የያዘውን ውኃ ወደ ራሱ ይስባል። ዛጎሉን በጥቂቱ ከፍቶ ውኃውን በስንጥቦቹ ላይ ያሳልፈዋል፤ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን አልጌና ደቃቅ ነገር ይይዛል፤ የሚስማማውን ይበላል። ያልተስማማውን ደግሞ በልጋግ ጠቅልሎ ከበታቹ ይጥለዋል። ሁኔታው ሲመቻችለት አንድ ያደገ ኦይስተር በቀን እስከ 190 ሊትር ውኃ ሊያጣራ ይችላል።

ሥራው በማጣራት ብቻ አያበቃም። ከሥሩ በሚጠራቀመው ደለል ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝነት ለውጠው ወደ አየር ይመልሱታል። ውኃውን ሲበክል የነበረው ማዳበሪያ በዚህ መንገድ ከባሕረ ሰላጤው ይወጣል።

ኦይስተሮች ብቻቸውን መኖር አይወዱም። ከእንቁላል የሚወጣው እጭ የሚያርፈው በሌላ ኦይስተር ዛጎል ላይ ነው፤ በእርሱም ላይ ሌላ ያርፋል። በብዙ ዘመን ይህ ክምር ከፍ እያለ ሪፍ የሚባለውን ይሠራል። በሪፉ ስንጥቆች መካከል ትናንሽ ዓሦች፣ ሸርጣኖችና ትሎች ይጠለላሉ፤ እነርሱን ፍለጋ ትልልቆቹ ዓሦች ይመጣሉ። ኦይስተር ከጠፋ የሚጠፋው እርሱ ብቻ አይደለም፤ በእርሱ ላይ የተመሠረተው መንደር በሙሉ ነው።

እንዴት ጠፋ?

በ1880ዎቹ አጋማሽ በሜሪላንድ ብቻ በአንድ ዓመት 15 ሚሊዮን ቡሼል ገደማ ኦይስተር ይወጣ ነበር። ቡሼል አንድ ትልቅ ቅርጫት የሚሞላ መስፈሪያ ነው። ባቡርና የቆርቆሮ ማሸጊያ ፋብሪካ መጥተው ገበያው እስከ አሜሪካ መሀል አገር ሰፍቶ ነበር። አስጋሪዎቹ በከባድ የብረት መረብ የባሕሩን ወለል እየጎተቱ ሪፉን ከነመሠረቱ ነቀሉት። በማጥመጃ ስፍራ የተነሣ ጠብ ጠመንጃ እስከ ማማዘዝ በመድረሱ ሜሪላንድ በ1868 «የኦይስተር ባሕር ኃይል» የተባለ ታጣቂ የውኃ ፖሊስ ለማቋቋም ተገደደች።

አደጋውን አስቀድሞ ያየው ዊልያም ብሩክስ የተባለ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ነበር። በ1870ዎቹ መጨረሻ የኦይስተርን እንቁላል ከእንስሳው አካል ውጭ አራብቶ እድገቱን ደረጃ በደረጃ አጠና። የሜሪላንድ ምክር ቤት በ1882 የኦይስተር ኮሚሽን ሲያቋቁም እርሱን መሪ አደረገው። ብሩክስ ያቀረበው ምክር ግልጽ ነበር፤ ከተፈጥሮ መውሰድ ብቻ አያዋጣም፣ እንደ ገበሬ መዝራትና መንከባከብ ያስፈልጋል አለ። በ1891 ጉዳዩን ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ በመጽሐፍ አወጣው። ያን ጊዜ የሰማው አልነበረም።

ሁለተኛው መዓት በሽታ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ደርሞ የተባለው፣ በ1959 ደግሞ ኤም ኤስ ኤክስ የተባለው በቼሳፒክ ተገኙ። ሁለቱም ሰውን አይጎዱም፤ ኦይስተርን ግን ለገበያ ከመድረሱ በፊት ይገድላሉ። ከመጠን ያለፈ ማስገር፣ በሽታና ብክለት ተደማምረው በ2003 እና በ2004 መካከል በነበረው ወቅት የሜሪላንድ ምርት ወደ 26 ሺህ ቡሼል ገደማ ወረደ። በባሕረ ሰላጤው የቀረው የኦይስተር ብዛት ከጥንቱ አንድ በመቶ አካባቢ እንደሆነ ይገመታል።

ሮጀር ኒውዌል የተባለ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ1988 ይህ ኪሳራ ለውኃው ምን ማለት እንደሆነ አሰላ። በጥንቱ ዘመን የነበሩት ኦይስተሮች የባሕረ ሰላጤውን ውኃ በጥቂት ቀናት ውስጥ አጣርተው ይጨርሱ ነበር። ኒውዌል ስሌቱን ሲሠራ የነበሩት ግን ለዚያው ሥራ አንድ ዓመት ያህል ይፈጅባቸዋል። ከዚህ ስሌት በኋላ ኦይስተር በሰው ዓይን ውስጥ ያለው ቦታ ተለወጠ። ለገበታ ብቻ ይፈለግ የነበረው ፍጥረት ለውኃውም ሕልውና አስፈላጊ እንደሆነ ታመነበት።

ገንዘቡ ከየት መጣ?

ቻርልስ ማታያስ የሜሪላንድ ሴናተር ነበሩ። በ1973 ባሕረ ሰላጤውን በጀልባ ዞረው አዩ፤ አስጋሪዎችን፣ ሳይንቲስቶችንና የጠረፍ ነዋሪዎችን አነጋገሩ። ሁሉም ውኃው እየታመመ መሆኑን ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን በማስረጃ የሚናገር አልነበረም። ማታያስ የአሜሪካ ምክር ቤት 27 ሚሊዮን ዶላር እንዲመድብ አደረጉ፤ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም የብዙ ዓመት ጥናት አካሄደ። ውጤቱ በ1983 ሲወጣ ዋናው ጠላት ከመጠን ያለፈ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ መሆኑ ታወቀ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የፔንስልቬንያ ገዥዎች፣ የዋሽንግተን ከንቲባና የፌዴራል መንግሥቱ ተወካይ ባሕረ ሰላጤውን በጋራ ለማዳን ፈረሙ።

የዚያ ጥናት ፍሬ ቶሎ ከሰው ቤት ደረሰ። ሜሪላንድ በ1985 ፎስፌት ያለበትን የልብስ ሳሙና ከለከለች፤ ጎረቤቶቿም ተከተሏት። የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች ናይትሮጅንን እንዲያስወግዱ ተደርገው እንደገና ተሠሩ። በፖቶማክ ዳር ያለው የብሉ ፕሌይንስ ጣቢያ ከዋሽንግተን፣ ከሞንትጎመሪ፣ ከፕሪንስ ጆርጅስ፣ ከፌርፋክስና ከላውደን የሚመጣውን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ፍሳሽ ያጣራል። በዓይነቱ በዓለም ግዙፍ ከሚባሉት አንዱ ነው። በዋሽንግተንና በዙሪያው ካለው ኢትዮጵያዊ ብዙው፣ አወቀውም አላወቀውም፣ የዚህ ጣቢያ ደንበኛ ነው።

በመግቢያው ላይ ያነሣናት የሒሳብ መስመርም የተወለደችው ከዚሁ ነው። የሜሪላንድ ምክር ቤት በ2004 የባሕረ ሰላጤውን ማገገሚያ ፈንድ አቋቋመ፤ ክፍያው መጀመሪያ በወር 2.50 ዶላር ነበር፣ በ2012 እጥፍ ሆነ። ገንዘቡ የግዛቱን ትልልቅ የፍሳሽ ጣቢያዎች ለማሻሻል፣ የገጠር ቤቶችን የፍሳሽ ጉድጓድ ለማስተካከል፣ ገበሬዎች በክረምት መሬታቸውን የሚሸፍን ሰብል ዘርተው ማዳበሪያውን ከመታጠብ እንዲያድኑ ለመርዳት ይውላል። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። አንድ ባለጸጋ ብቻውን ሊያደርገው የማይችለውን ሥራ ብዙ ቤተሰብ በወር አምስት አምስት ዶላር አዋጥቶ ይሠራዋል።

ምርምሩ ደግሞ ሌላ ምንጭ አለው። የአሜሪካ መንግሥት በ1966 «ሲ ግራንት» የተባለ ፕሮግራም በሕግ አቋቁሞ በየጠረፉ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ውኃ እንዲያጠኑና ያገኙትን እውቀት ለአስጋሪውና ለነዋሪው እንዲያካፍሉ ገንዘብ ይሰጣል። የፌዴራሉ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ የጦር ሠራዊቱ የምሕንድስና ክፍል፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ መንግሥታትም ድርሻ አላቸው።

ከማስፈልፈያው እስከ ባሕሩ ወለል

ቾፕታንክ በተባለው ወንዝ ዳር፣ ኬምብሪጅ ከምትባል የሜሪላንድ ከተማ አጠገብ የሆርን ፖይንት ቤተ ሙከራ አለ። የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ሳይንስ ማዕከል አካል ነው። እዚህ ኦይስተር በሰው እጅ ይራባል። በመልካም ዓመት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ግልገል ኦይስተር ያወጣል። ሥራውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

መጀመሪያ ወላጆቹ ተመርጠው በገንዳ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሠራተኞቹ ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ እያሞቁ፣ በቤተ ሙከራው ውስጥ የሚበቅል አልጌ እየመገቡ፣ እንስሳቱ የመራቢያው ወራት የደረሰ እንዲመስላቸው ያደርጋሉ። ጊዜው ሲደርስ የውኃው ሙቀት ከፍ ይደረጋል። ወንዱ ዘሩን፣ ሴቷ እንቁላሏን ወደ ውኃው ይለቃሉ። አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ ሚሊዮኖች እንቁላል ልትለቅ ትችላለች። የሚገርመው ኦይስተር አብዛኛውን ጊዜ ወጣትነቱን በወንድነት ጀምሮ ሲያድግ ሴት ይሆናል።

ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በውኃው ውስጥ ይዋኛል። በመጨረሻ ቁመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ሳይበልጥ ብርሃንን የሚለይ ነጥብና አንዲት እግር ያበቅላል። ሕይወቱን የሚወስነው ሰዓት ይህ ነው። በእግሩ እየዳሰሰ ማረፊያ ይፈልጋል፤ ከሁሉ አስበልጦ የሚመርጠውም የኦይስተር ዛጎል ነው። ተስማሚ ቦታ ሲያገኝ ከሰውነቱ በሚያወጣው ሙጫ ይጣበቃል፤ ከዚያ ወዲያ መዋኘትም መዳኸም የለም።

ለዚህ ነው በማስፈልፈያው ግቢ የአሮጌ ዛጎል ተራራ የሚታየው። ዛጎሉ አንድ ዓመት ያህል ደጅ ተቀምጦ የቀረው ሥጋ ይጠፋል፤ ከዚያ ታጥቦ በብረት ቅርጫት ወደ ትልልቅ ገንዳዎች ይገባል። እጮቹ ይጨመሩበታል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዛጎሎቹ በግልገሎች ይሞላሉ። ስፓት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ጥቂት ከጠነከሩ በኋላ በጀልባ ተጭነው ወደተመረጠው ስፍራ ይሄዳሉ፤ ከጀልባውም ላይ በውኃ ግፊት ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዳሉ።

ዛጎሉ ዛሬ ውድ ዕቃ ሆኗል። ሜዳ ላይ ሲደፋ፣ መንገድ ሲሠራበት የኖረ ነገር አሁን አይገኝም። ከ2010 ጀምሮ ኦይስተር ሪከቨሪ ፓርትነርሺፕ የተባለው ድርጅት በሜሪላንድ፣ በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ ካሉ ምግብ ቤቶች የተበላ ኦይስተር ዛጎል ይሰበስባል። ሜሪላንድም ዛጎሉን ለሚመልስ ሰው የግብር ቅናሽ ሰጥታለች። በእነዚህ ከተሞች ምግብ ቤቶች ውስጥ በምግብ ማብሰል፣ በማስተናገድና በዕቃ ማጠብ የሚሠራ ወገን ብዙ ነው። ከደንበኛው ሳህን ያነሣውን ዛጎል ከቆሻሻው ለይቶ ሲያስቀምጥ እርሱም በዚህ ሥራ ውስጥ ድርሻ አለው።

ሃሪስ ክሪክ፦ ሙከራው የተፈተነበት ስፍራ

በ2014 የተፈረመው የቼሳፒክ ስምምነት እስከ 2025 በአሥር ገባር ወንዞች ውስጥ የኦይስተርን ሕይወት ለመመለስ ግብ አስቀመጠ፤ አምስቱ በሜሪላንድ፣ አምስቱ በቨርጂኒያ። ቀዳሚው ሥራው ከስምምነቱ በፊት የተጀመረበት፣ ከቾፕታንክ ወንዝ ጋር የሚገናኘው ሃሪስ ክሪክ ነው። ከ2011 እስከ 2015 በ140 ሄክታር ገደማ ስፋት ላይ ሪፍ ተሠራ፤ ከሁለት ቢሊዮን በላይ ግልገል ኦይስተርም ተዘራበት። ወጪው ከ25 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። እዚያ ኦይስተር ማስገር የተከለከለ ነው።

እዚህ ላይ ምርምሩ ከልማት ሥራ የሚለይበትን ነገር ልብ እንበል። ሳይንቲስቶቹ ሥራው ሳይጠናቀቅ፣ በ2011፣ ስኬት ማለት ምን እንደሆነ በቁጥር ጽፈው አስቀመጡ። ግቡ በአንድ ካሬ ሜትር 50 ኦይስተር፣ ዝቅተኛው መመዘኛ 15 ነው። እያንዳንዱ ሪፍ ከተዘራ ከሦስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ይቆጠራል። ገንዘቡ ወጥቷል ተብሎ ሪባን ተቆርጦ አይቀርም፤ ጠላቂዎች ይወርዳሉ፣ ናሙና ያወጣሉ፣ ሕያው የሆነውን ከሞተው ለይተው ይቆጥራሉ። በሃሪስ ክሪክ አብዛኞቹ ሪፎች ፈተናውን አልፈዋል።

የቨርጂኒያ የባሕር ሳይንስ ተቋም ተመራማሪዎች ባወጡት ስሌት የሃሪስ ክሪክ ሪፎች በየዓመቱ የሚያስወግዱት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በሌላ መንገድ ቢወገድ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር። በሜሪላንድ የሚገኘው የጥቁሮች ታሪካዊ ዩኒቨርሲቲ ሞርጋን ስቴት ደግሞ ሪፎቹ ሙሉ በሙሉ ሲያድጉ በአካባቢው የሚያዘው የሰማያዊ ሸርጣን መጠን ከእጥፍ በላይ ሊጨምር እንደሚችል በሞዴል አስልቷል። ሸርጣን አጥማጁ፣ ጀልባ ጠጋኙ፣ ዓሣ ነጋዴው ሁሉ ከዚህ ይጠቀማሉ።

የሣሩ ታሪክ

ከኦይስተሩ ጎን የሚነሣ አንድ ሌላ ሥራ አለ። በቨርጂኒያ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በአትላንቲክ በኩል ባሉት ትናንሽ የባሕር ወሽመጦች የነበረው የባሕር ሣር በ1930ዎቹ መጀመሪያ በበሽታና በ1933ቱ አውሎ ነፋስ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ነበር። ከሣሩ ጋር ስካሎፕ የተባለው የባሕር ፍጥረትና የእርሱ ገበያም አብረው ጠፉ።

ሮበርት ኦርዝ ይመሩት የነበረው የቨርጂኒያ የባሕር ሳይንስ ተቋም ቡድን ከ1999 ጀምሮ ዘር መበተን ያዘ። በጸደይ ወራት በጎ ፈቃደኞች በውኃው ላይ ተደፍተው፣ መተንፈሻ ቧንቧ አድርገው፣ ዘር የያዘውን የሣር ዘለላ በእጃቸው ይለቅማሉ። ዘሩ በጋውን በገንዳ ከርሞ በመከር ይዘራል። በሃያ ዓመት ውስጥ ከ70 ሚሊዮን በላይ ዘር ተበተነ፤ ሣሩም በራሱ እየተስፋፋ ከ3,600 ሄክታር በላይ ሸፈነ። ውጤቱ በ2020 ሲታተም በዓለም ትልቁ የተሳካ የባሕር ሣር ማገገሚያ ተብሎ ተመዘገበ። ዛሬ ሣሩ ማዕበልን ያበርዳል፣ ካርቦን በወለሉ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ለዓሣ ጫጩቶች መጠለያ ይሆናል፤ ስካሎፑም ተመልሷል።

ሃያ ዓመት በምርጫ ዘመን ሲለካ አምስት የፕሬዚዳንት ዘመን ነው። በየዓመቱ በጀት ይቀጥላል ወይስ ይቋረጣል እየተባለ የሚንገላታ ምርምር ይህን ውጤት ሊያመጣ አይችልም።

ገበሬው፣ አስጋሪውና ቅሬታው

በሕዝብ ገንዘብ የተገኘ እውቀት አዲስ ሙያም ወልዷል። በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ሃሮልድ ሃስኪን የተባሉት ሳይንቲስት በሽታ ካለፈበት ኦይስተር መካከል የተረፉትን ለወላጅነት እየመረጡ በሽታ የሚቋቋም ዘር የማውጣት ሥራ ጀመሩ። ቆይቶ ስታንድሽ አለንና ሺሚንግ ጉዎ በጥንድ ፈንታ ሦስት ሦስት ክሮሞዞም ያለው ኦይስተር በብዛት የሚራባበትን ዘዴ አገኙ። ይህ ኦይስተር ጉልበቱን በመራባት ስለማይጨርስ ፈጥኖ ያድጋል፤ በበጋ እንኳ አይከሳም። የቨርጂኒያ ምክር ቤት በ1997 በባሕር ሳይንስ ተቋሙ ሥር የኦይስተር ዝርያ ማሻሻያ ማዕከል አቋቋመ። ዛሬ በግዛቱ ከሚረባው ኦይስተር አብዛኛው ከዚህ ምርምር የተገኘ ነው፤ ቨርጂኒያም በምሥራቁ ጠረፍ በኦይስተር እርባታ ቀዳሚ ሆናለች።

ሁሉም ደስ አለው ማለት ግን አይደለም። ሜሪላንድ በ2010 ከቀረው ጥሩ የኦይስተር ወለል ሩብ የሚያህለውን ከማስገር ስትከለክል፣ ከአባት እስከ ልጅ በዚያ ውኃ የኖሩ አስጋሪዎች ርስታቸው እንደተወሰደ ቆጠሩት። ዛጎል በመጥፋቱ ለሪፍ መሠረት የተጣለው ድንጋይ መረባቸውን እንደያዘባቸው፣ ጀልባቸውን እንደጎዳባቸው ተናገሩ። በ2016 መጀመሪያ ትሬድ አቨን በተባለው ወንዝ የነበረው ሥራ በግዛቱ መንግሥት ጥያቄ ለጊዜው ቆሞ ነበር። ቅሬታቸው ተገቢ ነው። ሳይንቲስቱ ከአስጋሪው ጋር ካልተመካከረ ሪፉን ቢሠራም የሚጠብቅለት ሰው አያገኝም። ቆይቶ አስጋሪዎችንና ተመራማሪዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡ ውይይቶች መጀመራቸው የሚያስመሰግን ነው።

የምርቱን ነገር ስናነሣም ሚዛን ያስፈልጋል። በ2021 እና በ2023 መካከል በነበሩት ሁለት ወቅቶች የሜሪላንድ ምርት በየወቅቱ ከ500 ሺህ ቡሼል በላይ ደርሷል። ከ26 ሺህ ተነሥቶ እዚህ መድረሱ ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ለመራባት የተመቸ የውኃ ጨዋማነት የነበረባቸው ዓመታትም አግዘዋል። ኦይስተር ብቻውን ቼሳፒክን አያነጻውም። ከእርሻ፣ ከአስፋልትና ከፍሳሽ የሚመጣው ብክለት ካልተቀነሰ የሚዘራው ኦይስተር ሁሉ ከአቅሙ በላይ ሸክም ይጫንበታል። የ2025ቱ የናይትሮጅን ቅነሳ ግብ ሙሉ በሙሉ ያልተሳካውም በዋናነት ከእርሻና ከዝናብ ጎርፍ የሚመጣውን መግታት ስላስቸገረ ነው።

ለእኛ ምን ማለት ነው?

ይህ ምርምር በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖረውን ሰው ሕይወት በብዙ በር ይነካዋል። በውኃ ሒሳቡ ይነካዋል፤ ሜሪላንድ ውስጥ በማገገሚያ ክፍያው፣ ዲሲ ውስጥ ደግሞ ዝናብ በማያስገባ መሬቱ ስፋት ተሰልቶ በሚከፈለው የንጹሕ ወንዞች ክፍያ። በሚገዛው ሳሙና፣ ልጆቹን ለሽርሽር በሚወስድበት የወንዝ ዳርቻ፣ ቅዳሜ ዓሣ ሊያጠምድ በሚሄድበት ፖቶማክ፣ በሚሠራበት ምግብ ቤት ይነካዋል። ጠረፍ አጠገብ ቤት የገዛ ከሆነ ማዕበል መሬቱን እንዳይሸረሽር በሪፍና በሣር መከላከል መቻሉ የንብረቱ ጉዳይ ነው።

ገንዘቡ ግን ሁልጊዜ ዋስትና የለውም። በ2017 ከዋይት ሐውስ የቀረበው የበጀት ሐሳብ ለቼሳፒክ ፕሮግራም በየዓመቱ ይሰጥ የነበረውን 73 ሚሊዮን ዶላር ሙሉ በሙሉ እንዲቀር የሚጠይቅ ነበር፤ የሲ ግራንት ገንዘብም አብሮ እንዲሰረዝ ታስቦ ነበር። ያዳነው የምክር ቤት አባላት ተቃውሞ ነው። ከሁለቱም ፓርቲዎች የተነሡ የአካባቢው ተወካዮች መራጮቻቸው ስለጠየቋቸው በጀቱ ሳይነካ ቀረ።

ስለዚህ ድምፅ የመስጠት መብት ያለው ወገን ይህን ጉዳይ የሌሎች ሰዎች ጉዳይ አድርጎ ሊተወው አይገባም። የካውንቲው ምክር ቤት ስለ ውኃ ክፍያ ሕዝብን ሲያወያይ ተገኝቶ መጠየቅ ይቻላል። ገንዘባችን የትኛውን ጣቢያ አሻሻለ? ሪፉ ከስድስት ዓመት በኋላ ሲቆጠር ስንት ኦይስተር ተገኘበት? መልሱ በሕዝብ ገንዘብ የተዘጋጀ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መረጃ ነው። ምግብ ቤት ያለው ዛጎሉን ከቆሻሻ ለይቶ ያስረክብ። ግቢ ያለው ማዳበሪያ ሲበትን ዝናብ ከመምጣቱ በፊት አይበትን። በሳይንስ ትምህርት ላይ ያሉ ልጆቻችን ደግሞ የባሕርና የውኃ ምርምር የእነርሱም ሙያ ሊሆን እንደሚችል ይወቁ፤ የግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች በራቸው ክፍት ነው።

ብሩክስ በ1880ዎቹ የተናገረው እስኪሰማ መቶ ዓመት ያህል አለፈ፤ ያ መቶ ዓመት የወሰደውን ለመመለስ ዛሬ በቢሊዮን የሚቆጠር ግልገል መዝራት ግድ ሆኗል። የሚቀጥለው የውኃ ሒሳብ ሲመጣላችሁ ያችን መስመር ፈልጓት። ክፍያው የእናንተ ነው፤ ውኃውም እንዲሁ። ጠይቁበት።